አዲስ አበባ ላይ ያበጠ ጣሳ፦ የቆየ የጦር ሜዳ ስንቅ አሰባሰብ

«ያበጠ ጣሳ ተበላሽቷል፣ ጣሉት» የሚለው ምክር ለሚበላ ሰው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ለሚሰበስብ ሰው ግን፣ በተለይ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ለሚያስቀምጥ፣ አይበቃም። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየር ግፊቷ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የታሸገ ጣሳ እዚህ ሲደርስ ውስጡ የቀረው አየር ከውጪው ይበረታና ክዳኑን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ከውጭ የመጣ የቺፕስ ከረጢት እዚህ ሊፈነዳ ደርሶ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ የተነሳ ጤነኛና ብርቅዬ ጣሳዎች በከንቱ ይጣላሉ፤ በተቃራኒው ደግሞ «ከፍታው ነው» ተብሎ አደገኛ ጣሳ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ሁለቱን የሚለየው እብጠቱ ማደጉ ነው። ጣሳው ቤት ከገባ ከሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ ክፍሉ ሳይሞቅ ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ክዳኑ ላይ አጋድሙ። ክዳኑ ካልተነፋ ማስመሪያው ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ ከተነፋ መሃሉ ላይ ያርፍና ይወዛወዛል። በማስመሪያውና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት ለኩ። ጣሳውን 1 ግራም በሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍተቱንና ክብደቱን ጻፉ። ከ30 ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ድገሙት፤ ሙቀት ጋዝን ስለሚያሰፋ የከሰዓትን ልኬት ከጠዋት ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ከፍታ ያመጣው እብጠት ባለበት ይቆያል። ካደገ ግን ውስጥ ጋዝ እየተሠራ ነውና ጣሳው ይወገድ። ክብደቱ ከቀነሰ ደግሞ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ላይና ታቹ ጠንክሮ የተነፋ ከሆነ ወር መጠበቅም አያስፈልግም። ክዳኑን በጣት እየተጫኑ መፈተሽ የብዙ ሰብሳቢ ልማድ ቢሆንም አልመክረውም፤ የአሮጌ ጣሳ ስፌት ከታጠፈ በኋላ አይመለስም።

ጋዙን ሁልጊዜ ባክቴሪያ አያመጣውም። ጣሳ ማለት በስሱ ቆርቆሮ የተለበሰ ብረት ነው፤ ኮክ፣ አፕሪኮትና የተቀላቀለ ፍራፍሬ አሲዳቸው ልባሱን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ቀጥሎም ይበሳዋል። ስለዚህ ከየትኛውም የአሜሪካ ስብስብ ቀድሞ የሚያፈሰው ፍራፍሬው ነው። የሚፈሰው ጭማቂ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ካርቶን ያበላሻል፤ ከጣሳው ይልቅ ብርቅ የሚሆነው ደግሞ ካርቶኑ ነው። የፍራፍሬ ጣሳ ለብቻው፣ በዚፕ ከረጢት ውስጥ፣ የፕላስቲክ ትሪ ላይ ይቀመጥ። የቦቱሊዝም መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ስለዚህ የቆየ ስንቅ ከፍቶ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። ሻጮች «የኮሪያ ዘማች ዕቃ ነው» ሲሉ ዝም ብላችሁ ካርቶኑን አንብቡ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በግንቦት 1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተመደበውም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። «ሚል፣ ኮምባት፣ ኢንዲቪጁዋል» የሚለው የአሜሪካ ጦር የአንድ ሰው ምግብ ካርቶን ግን የመጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ጦርነቱን አላየም፤ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ የወጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ዋጋውን አያረክሰውም፣ ታሪኩን ያስተካክለዋል እንጂ። የማሸጊያ ሣጥኑ ላይ ዲ.ኤስ.ኤ. (የአሜሪካ ጦር ዕቃ አቅራቢ መሥሪያ ቤት) የሚል የውል ቁጥር ካለ ግዢው ከ1961 በኋላ፣ ከ1977 በፊት የተፈጸመ ነው፤ በ1977 መሥሪያ ቤቱ ስሙን ወደ ዲ.ኤል.ኤ. ቀይሯል። አንድ ሣጥን 12 ምግብ ይይዛል። ፒ-38 ከሚባሉት ትንንሽ የጣሳ መክፈቻዎች አንዱ እንኳ ከነወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

በ1981 የተጀመረው የኤም.አር.ኢ. (ተዘጋጅቶ የታሸገ የአሜሪካ ወታደር ምግብ) ከረጢት ቀኑን የሚናገረው በአራት አኃዝ ነው። 6123 ቢል የመጀመሪያው አኃዝ የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ከዓመቱ ቀናት 123ኛው ናቸው። ከረጢቱ ጥቁር ቡናማ ከሆነ 1986 ነው፣ ማለትም በእነሱ ግንቦት (ሜይ) 3 ቀን፤ በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1978 ዓ.ም.። ፈዛዛ አሸዋማ ከሆነ እንደ 2006 ወይም 2016 ያለ የኋላ ዓመት ነው፤ ቀለሙ የተቀየረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነውና። መዝገባችሁ ላይ እ.ኤ.አ.ን እና ዓ.ም.ን በተለያየ ዓምድ ጻፉ፤ የሚበዛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

በደርግ ዘመን የገባው የሶቪየት የሥጋ ጣሳ ብዙውን ጊዜ 338 ግራም የሚለው ነው። ክዳኑ ላይ በተመታው ምልክት ውስጥ የሩሲያው «አ» የሥጋ ፋብሪካን፣ የላቲን ፒ የሚመስለው «ር» የዓሣን ያመለክታል። ወረቀት የሌለው፣ በወፍራም ቅባት የተለበሰ ሆኖ ከመጣ ቅባቱን በሳሙና አታጥቡት። ለመጠባበቂያ ክምችት ሲቀመጥ የተቀባው እሱ ነው፣ ከዝገት ያዳነውም እሱ ነው።

የእኛው የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ኮቾሮ፣ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ ሊፈለግ የሚገባው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ተበልቶ ያልቅ ነበር እንጂ ማንም አላስቀመጠውም። ጠላቱ ነቀዝ ነው። በወፍራም ከረጢት አየሩን አውጥታችሁ እሸጉት፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፣ ካወጣችሁ በኋላ ሳትከፍቱ 24 ሰዓት ጠብቁ። ቶሎ ከተከፈተ እርጥበት ደረቁ ኮቾሮ ላይ ይቀመጥና ሻጋታ ያበቅላል። ጣሳን ግን ፍሪዘር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ የውስጡ ውኃ ሲረጋ ስፌቱን ይከፍተዋል።

ሙቀቱ በአብዛኛው ይመቸናል፣ ክረምቱ ግን ይጎዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ሞቆ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጣሳው ላይ ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ ከጣሪያም ከውጪ ግድግዳም ራቅ ያለ ቁም ሣጥን ምረጡ፣ የእርጥበት መለኪያ አስገቡ፣ ከ50 በመቶ በታች እንዲሆን ሲሊካ ጄል ተጠቀሙ። ዝገት ከጀመረ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉት፤ ቀለሙ የተላጠበት ስፌት ላይ በጣም ስስ ቫዝሊን ይበቃል። የንብ ሰም አሲድነት ስላለው አይሆንም። ምዘናውን ሰኔ መግቢያና መስከረም ላይ ድገሙት።

የሚያፈስ ጣሳ ከተገኘ ጓንት አድርጉ፣ በሁለት ከረጢት ቋጥሩት፣ የፈሰሰበትን ቦታ አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱና 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ጥረጉ። ያበጠውን አትብሱት። ከረጢቱ ላይ «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ ለቆራሌውም አትስጡት፣ ከፍቶ ባዶውን ጣሳ ሊሸጠው ይችላልና።