ክላምፑ ፕላስቲክ እንዳይነክስ፦ ሃይሉክስ ላይ ተጠቅላይ የሸራ ክዳን ስገጥም የተማርኩት

የፒክ አፕ ካሶኒ ላይ የሚጠቀለል የሸራ ክዳን መግጠም ለማንም የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው የሚከብድ አይደለም። ሆኖም አብሮ የሚመጣው መመሪያ አንዱን ወሳኝ ነገር በጨረፍታ ነው የሚያልፈው። ካሶኒያችሁ ውስጥ ላይነር፣ ማለትም ያ ጥቁር የፕላስቲክ ልባስ ካለ፣ ክዳኑን ከካሶኒው ጠርዝ ጋር ነክሰው የሚይዙት ክላምፖች ላይነሩን ነክሰው መታሰር የለባቸውም። ብረት ከብረት ጋር ካልተያዘ ቀሪው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ከግዢው ልጀምር። ጎንደር ላይ ይህን ክዳን ሱቅ ገብቶ አማርጦ መግዛት ስለማይቻል አብዛኛው ሰው የሚያስመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም አሜሪካ ካለ ዘመድ ነው። የአሜሪካው ላይ ተጠንቀቁ። እዚያ ሃይሉክስ አይሸጥም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በታኮማ ተተክቷል። ዘመዳችሁ «ለቶዮታ፣ አጭር ካሶኒ» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጡት የታኮማውን ነው። ርዝመቱ ከደብል ጋቢና ሃይሉክስ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሁለቱም አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ስለሆኑ፣ ወረቀት ላይ የሚገጥም ይመስላል። ግን ከ2005 ሞዴል ወዲህ የታኮማ ካሶኒ ከኮምፖዚት (ከተጠናከረ ፕላስቲክ) ነው የሚሠራው፤ ጠርዙ ላይም ዕቃ ማሰሪያ ሐዲድ አለው። ለእሱ ተብሎ የተሠራ ክላምፕ የሃይሉክስን ብረት አይዝም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «ሃይሉክስ» የሚለውን ስም፣ የሞዴሉን ዘመን (ቪጎ ይሁን ሪቮ) እና የጋቢናውን ዓይነት ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የካሶኒውን ርዝመት ከውስጥ ለኩ፤ ከጋቢና በኩል ካለው ግድግዳ እስከ ተዘጋው የኋላ ስፖንዳ የውስጥ ፊት ድረስ። ወርዱን ከፊትም ከኋላም ለኩ፤ ተገጭቶ የተጠገነ ካሶኒ ከኋላ ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛው፣ ጣታችሁን ከጎን ስፖንዳው ጠርዝ ሥር አስገቡና ክላምፑ የሚነክሰው ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር መኖሩን አረጋግጡ። ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ካላገኛችሁ ያለ ብሎን ቀዳዳ የሚገጠመውን ዓይነት እርሱት። ከጋቢናው ጀርባ የብረት ሮልባር ያለበት መኪና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሮልባሩ እግር የሚያርፈው የጎን አልሙኒየሙ (ሸራው በቬልክሮ የሚጣበቅበት ረጅም ዘንግ) መቀመጫ ላይ ነው። ወይ ሮልባሩ ይነሳል፣ ወይ ለሮልባር ተብሎ የተሠራ ክዳን ይፈለጋል። አልሙኒየሙን ቆርጦ ማሳጠር እንሞክር የሚል መካኒክ ቢያጋጥማችሁ አትስሙት፤ ቬልክሮውም ቦታውን ያጣል፣ ከፊት ውሃ የሚገባበት በር ይከፈታል።

ሸራው ቪኒል ነው፤ ብርድ ያኮማትረዋል፣ ሙቀት ያላላዋል። የጎንደር ጠዋት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ሥሩ። ሸራውን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ንጹሕ ጆንያ ላይ ዘርጉት፤ እጥፋቱ እስኪፈታ ፀሐይ ይምታው። መጀመሪያ ስትዘረጉት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያጠረ ይመስላል። አላጠረም፤ ተዘግቶ ሲሰነብት ይለጠጣል።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ 13 ቁጥር ቁልፍ (የእናንተ ክላምፕ ሌላ ቁጥር ሊፈልግ ይችላል)፣ ካቻቪቴ፣ ሜትር፣ ማርከር፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ ድሪል ከ8 ሚሊ ሜትር መብሻ ጋር፣ አንቲረስት።

የፊቱን ስፖንጅ መለጠፍ፣ የጎን አልሙኒየሞቹን ማስቀመጥ፣ ሸራውን ከፊት ማሰር፣ አግዳሚ ዘንጎቹን ማስገባት፣ የኋላ መቆለፊያውን ማስተካከል፤ ይህን ሁሉ መመሪያው በሥዕል ያሳያችኋል፣ አያሳስትም። ሁለት አልሙኒየሞቹ ትይዩ መሆናቸውን ግን በዓይን አትመኑ። ከግራው የፊት ጫፍ እስከ ቀኙ የኋላ ጫፍ፣ ከዚያም በተቃራኒው ሰያፉን ለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የኋላ መቆለፊያው በአንድ ጎኑ አይገባም።

አሁን ወደ ክላምፑ። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል የሚያሳየው ላይነር የሌለውን ባዶ ካሶኒ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «ላይነር ካለ እንዳስፈላጊነቱ ይቆረጥ» ይላል። መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ ለምን እንደሚቆረጥ አንድም ቃል የለም። ላይነሩ ቀጭን ነው፣ ክላምፑ ከነላይነሩ ይነክሰዋል፣ ሲጠብቅም ፍንክች አይልም። ማንም ሰው በቃ ገጠመ ብሎ ቁልፉን ያስቀምጣል። እኔም እንደዚያ ነው የገጠምኩት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም መመሪያውን የጻፈው ሰው አንድ አረፍተ ነገር ቢጨምር ይበቃ ነበር።

አስፋልት ላይ ችግሩ አይታይም። ወደ መተማ ቆላ ወርዶ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል፣ ከዚያ ኮረኮንች መንገድ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው። መጀመሪያ በአንዱ ጎን ቬልክሮው መላቀቅ ይጀምራል። ቀጥሎ ሸራው ላይ ከአንዱ የፊት ጥግ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰያፍ ሽብሽብ ይታያል። በመጨረሻ የጎን አልሙኒየሙ ጣት የሚያህል ወደ ውስጥ ሸሽቶ ይገኛል፤ የሸሸበት ቦታ የስፖንዳው ቀለም ተፍቋል። ለምን ወደ ውስጥ? የተወጠረ ሸራ ሁለቱን ጎኖች ሌት ተቀን እርስ በርስ ይስባቸዋል፤ ክላምፑ ትንሽ ከላላ የሚሄዱት ወደዚያው ነው።

ብሎኑ ፈቶ ይሆናል ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ። እኔ ሳስር በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሬ ነበር፣ ዳዶው ከዞረ መስመሩ እንዲሰበር። መስመሩ አልተሰበረም። ዳዶው ቅንጣት አልዞረም፤ ክላምፑ ግን በሁለት ጣት ሲነካ ይወዛወዛል። የላላው ብሎኑ ሳይሆን መሐል ላይ ያለው ፕላስቲክ ነው። የላይነር ፕላስቲክ ኃይል ሲያርፍበት ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ፈጥኖ ይሳሳል። ስለዚህ አጠበቅነው ማለት መፍትሔ አይሆንም። ደግማችሁ ስታጠብቁት ደግሞ ይሰምጣል፤ ከልክ በላይ ስታጠብቁት ደግሞ የክላምፑ መንጋጋ ይንጋደድና የስፖንዳውን ከንፈር ያጣምማል። ስፕሪንግ ሮንዴላም አያድነውም፤ እሱ ዳዶ እንዳይዞር ይረዳ ይሆናል እንጂ የሳሳ ፕላስቲክ አይመልስም።

ትክክለኛው አሠራር ይኸውላችሁ። የጎን አልሙኒየሙን ላይነሩ ላይ አስቀምጡና የክላምፖቹን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። በየጎኑ አራት ክላምፕ ካላችሁ፣ አንዱ ከጋቢናው 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አንዱ ከኋላ ስፖንዳው 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ሁለቱ መሐል ላይ በእኩል ርቀት ይሁኑ። ከዚያ ላይነሩን ብሎኖቹን ፈትታችሁ ከካሶኒው ሙሉ በሙሉ አውጡት። እዚያው ላይ እያለ አትቁረጡት። ግራይንደርም አታስነኩት፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ዲስኩ ላይ ያጣብቀዋል፣ ካሶኒው ላይ ሆኖ ከተቆረጠ ደግሞ ቀለሙን ጭምር ይበላል። የሚያስፈልገው ሴጌቶና ትዕግሥት ነው።

የሚቆረጠው ክላምፑ የሚይዘው ቦታ ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከክላምፑ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። 5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክላምፕ 7 ሳንቲ ሜትር መክፈት ነው። ቁመቱ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ የክላምፑ የታችኛው መንጋጋ ብረቱን እስኪነካ ድረስ። ከመቁረጣችሁ በፊት የቆረጣው ታችኛ ሁለት ማዕዘኖች ላይ በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱ፤ ሴጌቶው እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ይቁም። ሹል ማዕዘን ከቀረ ስንጥቅ ከዚያ ይነሳና በመንገዱ ንዝረት እስከ ታች ይወርዳል። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት።

አንዳንዱ የላይነሩን የላይኛውን ከንፈር በሙሉ ቆርጦ ይጥላል። እኔ አልደግፈውም። ላይነሩ መያዣ ያጣል፣ አሸዋ ከሥሩ እየገባ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጋዋል።

ከተቆረጠ በኋላ የጎን አልሙኒየሙ በላይነሩ ላይ ያርፋል፣ ክላምፑ ባለበት ቦታ ግን ከሥሩ ክፍተት ይኖራል። ያንን ክፍተት ካልሞላችሁት አልሙኒየሙ ሲጠብቅ ይጎብጣል። የቆረጣችሁትን የፕላስቲክ ቁራጭ ያዙና የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ሂዱ፤ ውፍረቱ ከሱ ጋር እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ቁራጭ ለምኑ። ከሚጣለው ውስጥ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ክላምፕ 6 በ4 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቃል። በእንጨት አትተኩት፣ በክረምት ያብጣል። በጎማ ወይም በካላማዳሪያ አትተኩት፤ እሱም እንደ ላይነሩ ይሳሳል፣ ትመለሳላችሁ ወደዚያው።

ላይነሩ ከወጣ አይቀር ከሥሩ ያለውን እዩ። ጭቃው፣ የጤፍ ብናኙና እርጥበቱ ተጋግሮ ዝገት ያስጀመረባቸው ቦታዎች ይኖራሉ፣ በተለይ የፊት ጥጎቹ ላይ። እጠቡት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አንቲረስት ቀቡት፣ በደንብ ይድረቅ። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ። ክዳኑ ከላይ ከገጠመ በኋላ ካሶኒው እንደ ድሮው በፀሐይ አይደርቅም።

አሳሰሩም ቅደም ተከተል አለው። ሁሉንም በእጅ ያዝ አድርጓቸው፣ ሰያፉን ለኩ፣ ከዚያ ከጋቢና በኩል ጀምራችሁ አጥብቁ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን፣ መሐሎቹን በመጨረሻ። ቁልፉ ከያዘ በኋላ ግማሽ ዙር ይበቃል። 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ፈትሹ። በትክክል ከተሠራ ነጩ መስመርም አይሰበርም፣ ክላምፑም አይወዛወዝም።

የሸራውን ውጥረት በተመለከተ መመሪያው ከመጀመሪያው ቀን ጥብቅ አድርጉት ይላል። ለእኛ አገር አይሠራም። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች። ቆላ ላይ ተወጥሮ የታሰረ ሸራ ደባርቅ ላይ ሲያድር ተኮማትሮ መቆለፊያው አልገባም ይላል፤ በግድ ሲዘጋ ደግሞ ስፌቱ ይተረተራል። መሐሉን በመዳፍ ስትጫኑት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሰጥ አድርጋችሁ ተዉት። በጣም ልል ማድረግም አይቻልም፤ ነፋስ ይመታዋል፣ የክረምት ውሃም ይቋጥራል።

ውሃ አያስገባም የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ። የሐምሌ ዝናብ ከፊት ሁለት ጥጎች፣ የጎን አልሙኒየሙና የፊቱ ስፖንጅ ከሚገናኙበት ይገባል። ሲሊከን አትጠቀሙ ይላሉ፤ እኔ እነዚያ ሁለት ጥጎች ላይ ብቻ ተጠቅሜያለሁ፣ እናንተም ተጠቀሙ። ጎኖቹን ግን እንዳትነኩ፣ ክላምፑን ለመፈተሽ መፈታት አለባቸው። ስፖንጁ ከመለጠፉ በፊት ቀለሙ በሳሙና ታጥቦ በአልኮል ይወልወል።

አቧራው የሚመጣው ከላይ አይደለም፤ ከኋላ ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፣ በስፖንዳው ክፍተት አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል። በኋላ ስፖንዳው ሁለት ጎንና ግርጌ የበር ጎማ ካልለጠፋችሁ ክዳን ኖረ አልኖረ ዕቃው ያው ነው።

ኬላ ላይ ራሳችሁ ውረዱና ክፈቱ። ፈታሾች መቆለፊያውን ሳያዩ ሸራውን ከጎን ጨብጠው ሽቅብ ይጎትቱታል፤ ቬልክሮው የተሰፋበት ክር የሚበጠሰው እንደዚያ ነው። አጥብቄ የምናደድበት ነገር ነው፣ ምክንያቱም የኋላውን መቆለፊያ መሳብና መጠቅለል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ወንድሜ፣ ቆይ እኔ ልክፈትልህ» በሉና ቅደሟቸው። ከፊል ጠቅልላችሁ ስትነዱም ሁለቱን ማሰሪያዎች እሰሩ፤ ያልታሰረ ጥቅል ነፋስ ይበትነዋል።

ሸራው ላይ ሰው አይቀመጥም፣ ጆንያም አይጫንም። ለጥምቀት ፒክ አፑ ሰው የሚጭን ከሆነ ክዳኑን ከዋዜማው በፊት አውርዱት፤ አግዳሚ ዘንጎቹ አንድ ሰው እንኳ አይሸከሙም። ሲቆሽሽ በውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ እጠቡት። መኪና አጣቢዎች እንዲያብረቀርቅ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ሊወለውሉት ይፈልጋሉ፤ ቪኒሉን ያደርቀዋል፣ ከዚያ በብርድ ጠዋት ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። እርጥቡንም ጠቅልላችሁ አታሳድሩት፣ ይሻግታል። አንድ ትርፍ ክላምፕ ከነብሎኑ መኪናው ውስጥ ይኑር፤ እዚህ አገር ለብቻው አይሸጥም።