ከወተት አባይ ድልድይ እስከ ግሽ አባይ

ወንዝን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጋቢት ይሂድ። በነሐሴማ ሁሉም ወንዝ ሙሉ ነው። እኔም ከባህር ዳር ተነስቼ ወደ አዊ የሄድኩት ሆን ብዬ በበጋው መጨረሻ ነው። ዝናቡ ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ ስለዚህ አሁን የሚፈሰው ባለፈው ክረምት መሬት ውስጥ ገብቶ የቆየው ውሃ ነው።

ወተት አባይ ስደርስ ከሚኒባሱ ወርጄ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ከስር የሚያልፈው ግልገል አባይ ነው፣ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ። ቀጥኗል። በክረምት ይኸው ወንዝ ደፍርሶ ይቀላል፤ ያ ቅላት የገበሬው ማሳ ነው።

ምክንያቱ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ይታያል። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ ዘሩ የሚወርደው ግን ሐምሌ ላይ ነው። ኃይለኛው ዝናብ ሲመጣ መሬቱ ራቁቱን ነው። ጠብታው እየመታ ላዩን ይደፍነዋል፣ ከማረሻው በታች ያለው አፈር ደግሞ በዘመናት እርሻ ጠጥሯል፣ እና ውሃው መግቢያ ሲያጣ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ያው ዝናብ ቀስ እያለ ይሰርጋል። የዝናቡ መጠን ሳይቀንስ እንኳ ምንጭ ሊደርቅ የሚችለው በዚህ ነው። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ምንጭ ሲነጥፍ ሁሉም ሰው ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው።

ቀደም ብዬ ያለፍኳት መራዊ ደግሞ ሌላ ነገር አሳይታኛለች። እዚያ 7,000 ሄክታር ለማልማት የተሠራው የቆጋ ግድብ አለ። አካባቢውን ግን ባህር ዛፍ እየወረሰው ነው። ገበሬው ላይ አልፈርድም። ባህር ዛፍ ብዙ ልፋት አይጠይቅም፣ አጣናው ይሸጣል፣ ልጅ ያስተምራል። ችግሩ የሚተከልበት ቦታ ነው። አንድ አዛውንት ድሮ ጨፌ የነበረ ቦታ አሳዩኝ። "ከብት የምናጠጣው እዚህ ነበር ልጄ። ባህር ዛፍ ተተከለበትና ምንጩ ነጠፈ" አሉኝ። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ በጋ ከክረምት ይጠጣል። ጨፌ ላይ ሲተከል በጋውን ሊያሻግረን የተቀመጠውን ውሃ ነው የሚጠጣው።

አዲስ ቅዳም ስደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆነ። ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘር ነው። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ አፈሩ በአሲድ ሲጎዳበት ማሳውን ወደዚህ ዛፍ አዞረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር እህል ይዘራል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆርጠውና ከሰል ያደርገዋል። ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ መንገድ ዳር ተደርድሯል። በተራቆተ ተዳፋት ላይ ይህን ዛፍ ማየት ደስ ይላል፣ ጎርፉ ይበርዳል፣ አፈሩ ይያዛል። ግን እሱም ይጠጣል። ምንጭ አፋፍ ድረስ ሲወርድ ሳይ አልወደድኩትም። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ችግኝ ስንቆጥር ከስሩ ያለውን ምንጭም ብንቆጥር ብዬ ተመኘሁ።

እንጅባራን አለፍኩ፣ ዘንገና ሐይቅን ከነደኗ አየኋት፣ ከዚያ ወደ ሰከላ።

የአባይ መነሻ የሚባለውን የግሽ አባይን ምንጭ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አይተውታል። ለአካባቢው ሰው ግን ጠበል ነው፣ ሰው ከሩቅ ይመጣል። እኔ ዓይኔ የነበረው ሜዳው ላይ ነው። በመጋቢት እግሬ ስር ርጥብ ነበር። ታላቁን ደን ፍለጋ ለሚመጣ ሰው እዚህ ያለው ረግረግና ሣር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ክረምቱን ይዞ የሚያቆየው ግን እሱ ነው። ከብት ይረግጠዋል፣ እርሻውም ዙሪያውን እየቀረበ ነው።

አብሮኝ የነበረውን የአካባቢውን ወጣት "ለምን አይከለልም?" አልኩት።

"ይከለል ማለት ቀላል ነው ወንድሜ። ከብቱ የት ይሂድ?"

እውነቱን ነው። ሣሩ እየታጨደ ለባለከብቶቹ ቢከፋፈልስ አልኩት፤ ከብቱ በረት ይበላል፣ ሜዳውም አይረገጥም። ትንሽ አሰበና ክፍፍሉ ላይ ጠብ እንዳይነሳ ከሁሉም ጎጥ ሰው ያለበት ኮሚቴ ያስፈልጋል አለ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የተከራከርነው ማን ማን ይግባበት በሚለው ላይ ነው።