ነጭ አበባ ሐረጎን ሲወርድ

እኔ ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ ነው የምውለው። ስለዚህ የምቀባው ሽቶ ሁሉ በአንድ ቀን ሁለት አየር ያያል። አክስቴ ከጣሊያን ያመጣችልኝ ይሄ ነጭ አበባ ሽቶ (እንደ ጃስሚን ያሉ ነጭ አበቦች የሚሸት) ደግሞ አየሩን ካልወደደው ትንፍሽ አይልም።

ጠዋት ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ፣ የጦሳ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ አፍንጫዬን እጄ ላይ ካልደፋሁ አይሸተኝም። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ ጃኬቴን አወልቃለሁ። ያኔ ይመጣል። መጀመሪያ የብርቱካን አበባው፣ ቀጥሎ ጃስሚኑ፣ ከዚያ ወፈር ያለው፣ ቅቤ ቅቤ የሚለው፣ ቱቤሮዝ የሚባለው ነጭ አበባ። ማታ ነጠላዬ ላይ የሚቀረው ቫኒላና ሰንደል ነው። ሙቀት ሽቶን ቶሎ ያተነዋል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ደግሞ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው።

ሽቶው የተሠራው «ላክሜ» የምትባለው ኦፔራ ታስባ ነው። የደረሳት ሊዮ ደሊብ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ መጀመሪያ የታየችው ፓሪስ ውስጥ በ1883 እ.ኤ.አ.። ታሪኩ ህንድ አገር ነው። የካህኑ ልጅ ላክሜና አገልጋይዋ ማሊካ ወንዝ ዳር አበባ ሊለቅሙ ሲሄዱ አብረው የሚዘፍኑት ዘፈን አለ። ነጭ ጃስሚን ከጽጌረዳ ጋር ተጠላልፎ ጣራ የሠራበትን ቦታ ያነሣሉ። ሁለት የሴት ድምፅ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ሳይለያዩ ይፈሳሉ። ቋንቋው አይገባኝም። ግን ባቲና አምባሰል እየሰማ ላደገ ጆሮ ድምፁ ራሱ ይበቃል።

መጨረሻዋ ያሳዝናል። የወደደችው እንግሊዛዊ መኮንን ልቡ ወደ ጓዶቹ መመለሱን ስታውቅ የዳቱራ ቅጠል በልታ ትሞታለች። ዳቱራ ማለት እኮ የኛው የአስተናግር ወገን ነው! ያ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው መርዝ። የሱም አበባ ነጭ ነው።

ሽቶውም ውስጥ እንዲህ ያለ ጨለማ አለ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ጃስሚንና ቱቤሮዝ በተፈጥሯቸው ኢንዶል የሚባል ነገር አላቸው። ሲበዛ ይከረፋል፣ የእንስሳ ጠረን ያመጣል። በልኩ ሲሆን ግን አበባውን ነፍስ ይዘራበታል። እሱ የጎደለው ነጭ አበባ ሽቶ ሳሙና ሳሙና ይለኛል።

መሥሪያ ቤት «ኧረ ይሄ ነገር ከበደ» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይከብዳል። ኦፔራ ያለ ማይክ ነው የሚዘፈነው፤ ድምፁ ትልቅ አዳራሽ ሊሞላ የተሠራ ነው። ይሄም ሽቶ እንደዚያው ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ክረምት፣ የሚኒባስ መስኮት በማይከፈትበት ጊዜ፣ አልቀባውም። በበጋ፣ ኮምቦልቻ አመሻሽ ላይ በረንዳ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ግን ወደር የለውም። አበቦቹ ራሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ጃስሚንም ቱቤሮዝም የእሳት እራት ለመጥራት ሲመሽ ነው ይበልጥ የሚሸቱት።

መግዛት የምታስቡ ካላችሁ ወረቀት ላይ ሸትታችሁ አትወስኑ። ገላችሁ ላይ አድርጉት፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ሂዱ፣ ከዚያ ፍረዱ።

ለጥር የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ትዳራለች። ወይባ ሞቃ ስትወጣ አንገቷ ሥር አንዴ ልረጭላት ተስማምተናል። ጭሱና ቱቤሮዙ እንዴት እንደሚዋደዱ ለማየት ቸኩያለሁ።