በቆመች መኪና ውስጥ

ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ባውቀው ኖሮ እዚህ አልጽፍም ነበር። ጠዋት ደግሞ ቪትዟ አልነሳም አለች። ቁልፉን ሳዞረው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ጎረቤታችን ከነቢጃማው ወጥቶ "እንግፋት" አለ። ልጁ ከኋላው "አባዬ፣ አውቶማቲክ ናት፤ በግፊ አትነሳም" አለው። ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ስለነበር ቅር አለው።

ስለዚህ ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ባቡሩ ሄድኩ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ በትንሿ መስኮት አየችኝና "እትዬ፣ የት ድረስ ነው?" አለችኝ። እትዬ! መኪና ከመግዛቴ በፊት በዚህችው መስኮት "ቆንጆ" ነበርኩ እኮ።

አያት ጣቢያ ላይ ስጠብቅ የ2008ቱ ትዝ አለኝ። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከተማው በሙሉ ሽርሽር የወጣ ይመስል ነበር። እማዬን ይዤ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች አያት፣ የምንወርድበት ጉዳይ ሳይኖረን ሄደን መጣን። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። አባዬ ግን አልመጣም። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ባቡር ለገሃር የሚገባው፣ ሰው ሻንጣና ዘመድ ይዞ የሚወርድበት ነው። "ይሄ ባቡር አይደለም፣ ረጅም አውቶቡስ ነው" ብሎ ቀረ። (ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ራሱ ባቡር ጣቢያ ነው። "ለገሃር ባቡር ጣቢያ" ስንል ጣቢያ ጣቢያ እያልን መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው።)

ባቡሩ መጣ፤ ሞልቷል። እንደምንም ተጋፍቼ ገባሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ልጅ አዝላለች። ሕፃኑ የነጠላዬን ጥለት ያዘና አልለቅም አለ። ዝም አልኩት። ሲኤምሲን አለፍን፣ ጉርድ ሾላን አለፍን፤ ጥለቱን አንዴ ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል። መገናኛ ሲወርዱ እናትየው ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ትንሽ የምራቅ እርጥበት ቀረልኝ።

ሌም ሆቴልን አልፈን ወደ ሃያ ሁለት ስንጠጋ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። መኪናው ግራና ቀኝ ቆሟል። ሌላ ቀን እዚያ መሐል ሆኜ ባቡሩን የምረግመው እኔ ነኝ። መንገዱን በአጥር ለሁለት ከፍሎት፣ ማዶ ለመሻገር ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም! ዛሬ ቁልቁል አየኋቸውና በክፋት ደስ አለኝ። ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ መኪና፣ አንድ ሰው። አንድ መኪና፣ አንድ ሰው። አንዷ ኩል ትኳላለች። አንዱ ስልክ ላይ ይጨቃጨቃል። አንድ ወፈር ያለ ሰውዬ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እስከ ጥጉ ከፍቶ ይዘፍናል። ድምፁ አይሰማም። መሪውን በመዳፉ እየመታ ይዘፍናል።

ቀናሁበት።

እኔ እየሄድኩ ነው፣ እሱ ቆሟል፤ የቀናሁት ግን እኔ ነኝ። ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ቢሮ ምሳ ላይ "ባቡር ወይስ መኪና" የሚለው ክርክር ሲነሳ እኔ ሁልጊዜ የባቡር ወገን ነኝ። አፍ አለኝ። አንድ ባቡር የሚይዘውን ሰው በቪትዝ አሰልፉት፣ ወረፋው የት እንደሚደርስ እዩት እላለሁ። ጥፋቱ የባቡሩ ሳይሆን የአያያዙ ነው እላለሁ፤ 41 ባቡር ገዝቶ መለዋወጫ ካልተገኘ ሰዉ ምን ይሁን? ለግንባታው የወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር፣ የሁላችንም ዕዳ ነው እላለሁ። ይሄን ሁሉ ብዬ ስጨርስ ቁልፌን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ወደ ቪትዜ እሄዳለሁ። አንድም ቀን "አንቺስ?" ያለኝ የለም። ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ የገባኝ ግን ሌላ ነው። እኔ መኪና የገዛሁት ለመሄድ አይደለም። ክፍል ነው የገዛሁት።

ቤታችንን ታውቁታላችሁ። እማዬ አለች፣ የእህቴ ልጆች አሉ፤ ትንሿ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው፣ ያውም እግሯን ሆዴ ላይ ጭና። እኔ ደግሞ የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፤ እስካሁን ዕጣ ጠባቂ። በዚህ ከተማ ሰው ብቻውን የሚሆነው የት ነው? ካፌ ብትቀመጪ አስተናጋጁ "ምን ልጨምር?" ይልሻል። ቤተ ክርስቲያን ጥግ ይዘሽ ብታለቅሺ አንዲት እናት መጥተው "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" ይሉሻል፤ ነገሩ በቅንነት ነው፣ ግን ይሉሻል። በር ያለው፣ የሚቆለፍ፣ ቁልፉ በእጄ ያለ ቦታ ያገኘሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አራት ጎማ አለው።

አባዬን በደንብ ያለቀስኩት ድንኳን ውስጥ አይደለም። ድንኳን ውስጥ እንግዳ ሳስተናግድ፣ ንፍሮ ሳዞር ነበር። ያለቀስኩት ከሰልስቱ በኋላ፣ ሃያ ሁለት መብራት ላይ፣ መስኮቱን ጠርቅሜ ነው። ከኋላዬ ክላክስ እስኪያደነቁረኝ ድረስ።

ታዲያ ባቡሩ ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደራል? በሰዓቱ ቢመጣ፣ ባይሞላ፣ እንደ ወርቅ ቢያብለጨልጭ፣ የማለቅሻ ጥግ የለውም። በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ቪትዝ ይረክሳል ወይስ ይወደዳል ብለን ተከራከርን። እሷ ምን ገዷት! በአዲስ አበባ ዕድሜዋ ሲገፋ ዋጋዋ የሚጨምረው ቪትዝ ብቻ ናት። እኔን ዕድሜዬ እትዬ ነው ያስባለኝ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ይሄን የምጽፈው ቪትዟ ውስጥ ነው። አይ፣ አልተሠራችም። መካኒኩ "ነገ" ብሏል። በባቡር ተመለስኩ፣ ቤት ገባሁ፣ ራት በላሁ፣ ከዚያ "መኪናዋን ልያት" ብዬ ወጣሁና በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አለ አይደል፣ ግቢ ውስጥ በቆመች፣ ባትሪዋ በሞተ መኪና ውስጥ። ሆዴን ባር ባር ያሰኘኝ ነገር ምን ነበር? ጠዋት የማውቀው መስሎኝ ነበር።

አሁን እማዬ መስኮቱን በቀለበቷ አንኳኳች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም።"

ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ዞራ መጣችና የጎን በሩን ከፍታ ገባች። ነጠላዋን ሰበሰበች። በሩን በደንብ ዘጋችው። ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠየቀችኝም። ስልኬን እንዳታይብኝ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ነው የምጽፈው። ዝም ብላ ፊት ለፊት የግቢውን በር ታያለች፣ ልክ መንገድ ላይ እንዳለን።

አሥር ደቂቃ ያህል ሆነ። አሁን ገና አፏን ከፈተች።

"ሬዲዮ የላትም?"

ባትሪዋ ሞቷል እኮ እማዬ።