ሪችመንድ የቤት ዕዳ ለመግዛት በተነሣች ጊዜ

ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው አንድ የታክሲ ሹፌር ስለ ቤት ብድራቸው የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፍቱ በአንድ ፌስታል ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር። በ2011 አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ከሚገኘው ቤታቸው ሄጄ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፖስታዎቹን በቀናቸው ስንደረድር፣ የብድሩን ክፍያ የሚቀበለው ኩባንያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መቀያየሩን አየን። ቤቱን በ2006 ሲገዙ የተበደሩት 400 ሺሕ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ አጠገባቸው ያለው ተመሳሳይ ቤት የተሸጠው ግን በ190 ሺሕ ነበር። ስልክ ደውለን ብዙ ከጠበቅን በኋላ ያነጋገረችን ሠራተኛ፣ ኩባንያዋ ክፍያ ሰብሳቢ ብቻ እንደሆነና ዕዳውን ለመቀነስ የባለ ገንዘቦቹ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። ባለ ገንዘቦቹ እነማን እንደሆኑ ብንጠይቃት አታውቅም። ጋሼ ስልኩን ዘግተው፣ «እንግዲህ የምለምነው ሰው እንኳ የለኝም ማለት ነው» አሉኝ።

ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያበደረው ባንክ ብድሩን ወዲያውኑ ይሸጠዋል፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ብድሮች አንድ ላይ ተጠቅልለው በአንድ ትረስት (ለባለ ገንዘቦቹ ብድሮቹን በአደራ በሚይዝ ተቋም) ስም ይያዛሉ፤ ከትረስቱ የሚገኘው ገቢ ደግሞ ተቆራርሶ በመላው ዓለም ላሉ የቦንድ ገዢዎች ይከፋፈላል። ክፍያ የሚሰበስበው ኩባንያ በውሉ የታሰረ በመሆኑ ብድሮቹን እንዳሻው መሸጥም ሆነ ዕዳቸውን መቀነስ አይችልም፤ ውሉን ለማሻሻል የሚበቃ የቦንድ ገዢዎች ድምፅ ማሰባሰብ ደግሞ በተግባር የማይሞከር ነው። በመሆኑም ዕዳው ቢቀነስ ባለ ገንዘቡ ከሐራጅ ከሚያገኘው የተሻለ በሚያገኝበት ጊዜ እንኳ፣ ቤቱ ይሸጣል እንጂ ዕዳው አይቀነስም።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የሆኑት ሮበርት ሆኬት ለዚህ ቋጠሮ ያቀረቡት መፍቻ እኛ ኢትዮጵያውያን በሌላ መልኩ የምናውቀው ሥልጣን ነው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ካሳ ከፍሎ የግል ንብረትን የሚወስድበት ሥልጣን። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 ላይም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል የሚያዝዝ ድንጋጌ አለ። «ለልማት ተነሡ» ሲባል ላደገ ሰው ይህ ሥልጣን ቤት ሲያፈርስ እንጂ ቤት ሲያድን አይታወቅም፤ በአሜሪካም ቢሆን በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የኒው ለንደን ከተማ የነዋሪዎችን ቤት ለአልሚዎች እንድትወስድ ከፈቀደ በኋላ ቦታው ለረጅም ዓመታት ጦሙን አድሯል። የሆኬት ሐሳብ ግን ሥልጣኑን ከቤቱ ላይ አንሥቶ በብድሩ ላይ ያሳርፈዋል፤ ብድርም ንብረት ነውና። በሕግ በኩል ይህ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ በ1984 ያው ፍርድ ቤት የሃዋይ መንግሥት ከጥቂት ባለርስቶች መሬት ወስዶ በላዩ ለሚኖሩት ጭሰኞች ማስተላለፉን ተቀብሎታል። «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

በመጀመሪያ ነገሩን ያጤነው በዚያው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳን በርናርዲኖ አውራጃ ሲሆን በ2013 መጀመሪያ ተወው። ከዚያ በኋላ ነው ሪችመንድ የተነሣችው፤ የሼቭሮን ነዳጅ ማጣሪያ የሚገኝባት፣ ከ100 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት የሠራተኞች ከተማ ናት፤ ከንቲባዋም የአረንጓዴው ፓርቲ አባል ጌይል ማክላፍሊን ነበሩ። በሐምሌ 2013 ከተማዋ 624 ብድሮችን ለመግዛት ለ32 ክፍያ ሰብሳቢዎችና ባለአደራዎች ደብዳቤ ላከች፤ በስምምነት ካልሸጡ በሥልጣኗ ልትጠቀም እንደምትችልም አሳወቀች። ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፦ 400 ሺሕ ዶላር ዕዳ ያለበት ቤት ዛሬ 200 ሺሕ ቢያወጣ፣ ብድሩ በ160 ሺሕ ይገዛል፤ ባለቤቱም በ190 ሺሕ አዲስ ብድር ቤቱን ይዞ ይቀጥላል። የ30 ሺሕ ልዩነቱ ለወጪ፣ ገንዘቡን ላቀረቡ ባለሀብቶችና ዕቅዱን ላዘጋጀው ሞርጌጅ ሪዞሉሽን ፓርትነርስ ለተባለ የግል ኩባንያ ይውላል።

እኔ ዕቅዱን የደገፍሁት እዚህ ቦታ ላይ ቅር እያለኝ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የተሰጠ ሥልጣን የግል ኩባንያ ትርፍ ማግኛ ሲሆን ተቺዎች ጣታቸውን የሚቀስሩበትን ቀዳዳ ያገኛሉ፤ አግኝተዋልም። ከተመረጡት ብድሮች ብዙዎቹ ክፍያቸው ያልተቋረጠ መሆኑም ሌላው መከራከሪያቸው ነበር። በዚህኛው ግን አልስማማም፤ ጋሼም ቢሆኑ ሁለት ፈረቃ እየነዱ፣ ከዕድር ገንዘብ እየተበደሩ ለሦስት ዓመት አንድ ወር እንኳ ሳያዛንፉ ከፍለዋል። ክፍያው ያልተቋረጠ ሰው ችግር የለበትም ማለት አይቻልም።

አጸፋው የመጣው ከየአቅጣጫው ነው። በነሐሴ ዌልስ ፋርጎና ዶይቸ ባንክ በባለአደራነታቸው ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ዳኛ ቻርልስ ብሬየር ከተማዋ ገና ምንም ስላልወሰደች ክሱ ጊዜው አልደረሰም ብለው ዘጉት። በዚያው ወር ከተማዋ ያወጣችውን የ34 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ የሚገዛ ጠፋ። የፌዴራሉ የቤት ፋይናንስ ተቆጣጣሪም ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዙት ግዙፎቹ ተቋማት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ እንዲህ ካለ ከተማ ጋር መሥራታቸውን እንዲያቆሙ ሊያዝዝ እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ ይህ ማለት ብድር ፈላጊው ሁሉ፣ ስለ ዕቅዱ ሰምቶ የማያውቀውም ጭምር፣ ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ይቀጥል አለ፤ ብድሮቹን ለመውሰድ ግን ከ7ቱ የ5 አባላት ድምፅ ያስፈልግ ነበርና አምስተኛው ድምፅ ሳይገኝ ቀረ። በታኅሣሥ 2014 የወጣው የፌዴራል በጀት ሕግ በዚህ መንገድ የተወሰደን ብድር የሚተካ አዲስ ብድር የመንግሥት ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዳፈነ። ብድር መውሰድ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ወይስ አይጥስም ለሚለው ጥያቄ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ፍርድ ቤት መልስ አልሰጠም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

የጋሼ ቤት በ2012 በሐራጅ ተሸጧል። የከተማዋ ደብዳቤ ወሬ በተሰማ ጊዜ እሳቸው ቫሌሆ ከተማ ከልጃቸው ጋር አንድ መኝታ ክፍል ባለው አፓርታማ ይኖሩ ነበር። ስልክ ደውዬ ዜናውን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ጠየቁኝ። ለ32 ድርጅቶች፣ በየስማቸውና በየአድራሻቸው መላኩን ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ባለ ገንዘቦቹ ይገኙ ኖሯል» አሉኝ።