የእንግዳ መቀመጫ

ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ እህል ሳልቀምስ በቀጥታ፣ እየተዘዋወርኩ የምኖርበት ቤት እንዲሆነኝ ወደማድሰው አሮጌ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ሄድኩ። ስሜቴ እንዲህ ሲጨፈግግብኝ በባዶው ወለል ላይ መመላለስ ያረጋጋኛል። ሐሳቤ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ለክቼ ለመመለስ ብቻ ነበር።

ወለሉ ደርቋል። ከጎማው ንጣፍና ከኮምፔርሳቶው ሥር ያገኘነው ዝገት፣ በተለይም የወንበሮቹ እግር በብሎን በታሰረበት ቦታ ሁሉ ውሃ እየሰረገ የበላው ላሜራ፣ ተፍቆ ፀረ ዝገት ተቀብቷል። ከውጭ ግን አውቶቡሱ ገና የተማሪ ቤት ቢጫውን እንደለበሰ ነው። ይህ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1939 ፍራንክ ሳይር በኒው ዮርክ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በጠራው ጉባኤ የተመረጠ ሲሆን፣ የተፈለገውም ጥቁር ጽሑፍ በማለዳ ድንግዝግዝ ጎልቶ ስለሚታይበት ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙ ግዛቶች አውቶቡሱ ተማሪ ማመላለሱን ሲተው ቀለሙ እንዲቀየር ያስገድዳሉ፤ እኔም እቀይረዋለሁ፤ ነገር ግን ልጆችን ለመጠበቅ ታስቦ የተመረጠን ቀለም መሸፈን ቅር ይለኛል።

ሜትሩን ዘርግቼ ሳለ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ማሰብ ጀመርኩ፤ መደርደሪያውንም በዚያው ረሳሁት። እዚህ አገር ብዙዎቻችን የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይስባል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ ሙሉ ቢሆን የሚይዘው 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ምጣዱ ያለማቋረጥ ቢሠራ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይበቃውም። ስለዚህ ባትሪውንም ሆነ ጣሪያው ላይ የሚታሰረውን ሶላር በምጣዱ ልክ ማሰብ ሊኖርብኝ ነው። ለእኔ ለብቻዬ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ይበቃኝ ነበር። ታዲያ የምጋግረው ለማን ነው?

እናቴ ስለዚህ ቤት በስልክ የነገርኳት ዕለት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «እንግዳ ሲመጣብህ የት ታስቀምጠዋለህ?» ብላ ነው። ከነቀልናቸው ወንበሮች ሁለቱን አስቀርቻለሁ፤ ፊት ለፊት አዙሬ ባስራቸው አራት ሰው ይቀመጥባቸዋል። ቁም ሣጥኑ ግን ቦታ ያጣል። ይጣ።

መቀመጫው ተገኘ እንበል። እንግዳ የሚመጣው ግን ቤቱን ሲያውቀው ነው። እንዲህ እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በደቡብ ዳኮታ፣ በቴክሳስ ወይም በፍሎሪዳ አድራሻ ያወጣሉ፤ ደብዳቤያቸውም እዚያ ተሰብስቦ ወዳሉበት ይላክላቸዋል። ለመንጃ ፈቃድና ለባንክ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ግን ወደ ፖስታ ሣጥን አይሄድም። ታላቅ ወንድማችን ያረፈ ጊዜ ማንም ሳይጠራው ደጃችንን የሞላው ሰው፣ ወሬውን በሰማበት እግሩ የመጣው የት እንደምንገኝ ጠይቆ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ቢደርስብኝ፣ የቆምኩበትን ቦታ በስልክ ልኬ «ኑልኝ» ለማለት አቅም ይኖረኛል?

አውቶቡሱን አልተወውም፤ እወደዋለሁ፤ መንገዱንም እፈልገዋለሁ። ነገር ግን ከዓመቱ ስንቱን ወር እዚሁ፣ ሰዎቼ በሚያውቁት ግቢ አቁሜው ባሳልፍ ነው ደጄን የሚለምዱት?