በጤና መድን ሪፈር ከመሄዳችሁ በፊት፦ ለጎጃም ገጠር ቤተሰቦች

አባቴን የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያሳከምኩት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ሕክምናው በደህና አልቋል። ከኪሳችን የወጣው ገንዘብ ግን መውጣት አልነበረበትም፤ አስቀድሞ አንድ ሰው ቢነግረን አይወጣም ነበር።

ቀላሉን ልጨርስ። ምዝገባና እድሳት በቀበሌ ነው፤ ብዙ ቦታ እህል ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ይሰበሰባል። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ የአባልነት ደብተር ይገባሉ። ከዚያ በላይ የሆነ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ ተጨማሪ ከፍላችሁ አስመዝግቡት። ሕክምና የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ቋሚ የኩላሊት እጥበት አይሸፈኑም። ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋም አባል ላልሆነም ነጻ ስለሆኑ በነሱ ሰበብ ማንም ገንዘብ አይጠይቃችሁ።

አሁን ወደተበላሸው ልምጣ። ሪፈሩን ይዘን ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስንደርስ መስኮቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሆስፒታሉ ጋር ያላቸው የመድን ውል ያለቀ ወረዳዎች ስም ዝርዝር ነው። የኛ ወረዳ ሦስተኛው ላይ ነበር። ደብተራችን ታድሷል፣ ደረሰኙ አለ፣ ሪፈሩ ማህተም አለው። የተሰጠን መልስ ግን «ከፍላችሁ ታከሙ፣ ወረዳችሁ ይመልስላችኋል» የሚል ነበር። አባቴ ሽንት ተከልክሎ በካቴተር፣ ማለትም በሽንት ማስወጫ ቱቦ ነበር የመጣው። ወደ ቤት መልሼ የምወስደው ሰው አልነበረም፤ ከፈልኩ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። የአባላት መዋጮ፣ ክልሉና ወረዳው መክፈል ለማይችሉ ድሆች የሚሸፍኑት ድጎማና ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ አንድ ቋት ውስጥ ይገባሉ። ሆስፒታሉ መጀመሪያ በዱቤ ያክማል፤ ከዚያ በየሩብ ዓመቱ ሂሳቡን ለመድኑ ይልካል። ቋቱ ሲጎድል ጉድለቱን ከየት እንደሚሞላ የሚወስነው የወረዳው ካቢኔ ነው፤ ካቢኔ ደግሞ ከደመወዝና ከጸጥታ የተረፈውን ነው የሚያየው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በጎጃም መንገድ ሲዘጋ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ሲጠፋ ይህ ቋት ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ የመድኃኒት ዋጋ ወጣ፤ ያው መዋጮ ያነሰ መድኃኒት ገዛ። ሆስፒታሉም ያልተከፈለው ሂሳብ በበዛ ቁጥር መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ «የለም» የሚለው ቃል ከዚያ ይመጣል።

ስለዚህ ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ አልወቅስም። የምወቅሰው መዋጮውን ሲሰበስብ የሆስፒታል ዕዳ እንዳለበት የሚያውቀውን አመራር ነው። ቀበሌ የሚገመገመው ስንት አባወራ አስገባ በሚለው ነው፤ ስንቱ ታክሞ ተመለሰ የሚለው የግምገማ ነጥብ ሲሆን አላየሁም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ ወረዳ እዚሁ ጎጃም ያለው ደቡብ አቸፈር ነበር። አዲስ ነገር ነው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። በዚያው ሰሞን በአዋጅ 690/2002 የወጣው የመንግሥት ሠራተኛው መድን ግን ከደመወዝ 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል ቅሬታ ስለተነሳ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ። ሠራተኛው አይሆንም ሲል ተሰማ፤ ገበሬው ከፍሎ መስኮት ላይ ሲመለስ የሚሰማው የለም።

ከሪፈሩ በፊት ይህን አድርጉ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ያለውን የመድን ክፍል «ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር ውል አለን? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቃል መልስ አትመለሱ፤ የውሉን ማህተምና ቀን ያለበትን ገጽ በስልክ አንሱ። ውሉ ካለቀ ሪፈር የሚጽፈው ባለሙያ ውል ወዳለው ሆስፒታል እንዲጽፍላችሁ ለምኑ፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሆኑ ለሕክምናው ብዙ ጊዜ ለውጥ የለውም፣ ለኪሳችሁ ግን አለው። አባል ገንዘብ መያዝ አያስፈልገውም ሲሏችሁ አትመኑ፤ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚሆን ያዙ።

ከኪስ ከከፈላችሁ ተመላሽ የሚገኘው በወረቀት ነው። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ስም ልክ ደብተሩ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ በደብተሩ «ኃይለማርያም» ከሆነ «ኃ/ማርያም» የሚል ደረሰኝ አትቀበሉ፤ እኛን በዚህ ሁለት ጊዜ መልሰውናል። ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት የሆስፒታሉ ፋርማሲ ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ማህተም ያድርግበት። በማሽን የሚታተም ደረሰኝ በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። የሪፈሩንና ሲወጣ የሚሰጠውን ማጠቃለያ ኮፒም አያይዙ፤ ዋናውን ስታስረክቡ የተቀባዩን ፊርማ ውሰዱ።

ካቴተር ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ የውፍረቱን ቁጥር አስጽፉ፤ ለአዋቂ ወንድ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 18 ነው። የቀዶ ሕክምና ተራ በመጠበቅ ወር የሚያልፍ ከሆነ የሲሊኮን ዓይነቱን ጠይቁ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ግን እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የላቴክሱ (የጎማው) ቢበዛ አራት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ይዘጋል፣ ኢንፌክሽንም ያመጣል። የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች ይንጠልጠል፤ መኪና ውስጥ ጭን ላይ አታስቀምጡት።

የቀዶ ሕክምናውና የላቦራቶሪው ክፍያ ከአራት ወር በኋላ ተመልሶልናል። የአንቲባዮቲኩና የካቴተሩ አልተመለሰም፤ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚለውን ማህተም ሳላስመታ ነው የወጣሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ መዋጮ ለመሰብሰብ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ከመክፈላችሁ በፊት እጅ አውጥታችሁ «ወረዳችን ለየትኛው ሆስፒታል የስንት ወር ዕዳ አለበት?» በሉ። መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።